ውሃ በፈረቃ፣ እንጀራ በልክ ሲሆን አዋቂ ሰው ጤናውን እንዴት ይጠብቅ

ቤት ውስጥ ውሃና እህል ሲያጥር መጀመሪያ ከራሱ የሚቀንሰው አዋቂው ነው። እናት «እኔ በልቻለሁ» ብላ ለልጆቿ ታጎርሳለች። አባት ቁርሱን በቡና ያልፋል። አያት ውሃ እንዳያልቅ፣ ሽንት ቤትም እንዳይመላለሱ ብለው ሳይጠጡ ይውላሉ። እኔ ጎንደር ውስጥ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን የምከታተል ነርስ ነኝ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚታመም ሰው ሲመጣ ምን በልቶ፣ ምን ጠጥቶ እንደዋለ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። መቀነስ ግድ ከሆነ ከምን መቀነስ እንደሌለበት ላስረዳ።

ከሚጠጣ ውሃ አትቀንሱ። እኛ ጋ አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማው እየሰፋ ሄዶ ቧንቧ በፈረቃ መሆኑን ለምደነዋል። ውሃው በመጣ ቀን ከልብሱም ከዕቃውም በፊት የመጠጡ ተለይቶ ይቀመጥ። ለአንድ አዋቂ በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ያዙ፤ ይህም አንድ ትልቅ ሃይላንድ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ሃይላንድ ጠዋት ሙሉለት፤ ማታ ባዶ መሆኑን እዩ። ልብ ወይም ኩላሊት ታሞ ሐኪም ውሃ የመጠነለት ሰው ግን በሐኪሙ ልክ ይጠጣ። ሽንት ጠቆር ካለና ካነሰ ውሃ አንሷል ማለት ነው። በተለይ ሴቶች ይህን ችላ አትበሉ፤ ውሃ ሳይጠጡ፣ ሽንት ይዘው መዋል ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል። ለመቆጠብ ከሆነ የልብስ ማለቅለቂያው ለሽንት ቤት ይዋል።

ጀሪካኑን ባትሪ አብርታችሁ ውስጡን እዩት። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ልጋግ ይይዛል። ሁለት እፍኝ ሻካራ አሸዋና ጠጠር፣ ትንሽ ውሃና ሳሙና ጨምራችሁ ክዳኑን ገጥማችሁ ወዲያ ወዲህ ናጡት፤ እጠቡትና ድገሙት። ፀረ ተባይ የነበረበትን ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ለመጠጥ አታድርጉት። የቦቴ ወይም የምንጭ ውሃ ከሆነ በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ አስቀምጡት፤ ሲጠራ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የምታፈሉ ከሆነ፣ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ተቅማጥ ከያዛችሁ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ጠጡ። የሽንት ክኒን የሚወስድ የግፊት ታካሚ ተቅማጥ ከያዘው መድኃኒቱን በተመለከተ በዚያው ቀን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሸክምም ያሳምማል። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ወገቧን የሚያማት፣ ማህፀኗ የወረደባት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ሴት እሱን አትሸከም፤ በ5 በ5 ሊትር ትመላለስ፣ ካልሆነም ጎረቤት አዋጥቶ ጋሪ ይከራይ።

ስለ ምግብ ስናገር በጣም የምሰጋው ኢንሱሊን ለሚወጉት ነው። አንድ ታካሚዬ ጎህ ሳይቀድ መርፌውን ተወግቶ በባዶ ሆዱ ውሃ ወረፋ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ወረፋው እስከ ረፋድ ሲጓተት ላብ አጥምቆት ጀሪካኑ ላይ ተደፋ። የጠጣ መስሏቸው ዝም ብለው ያለፉት ነበሩ። ምግቡ ፊታችሁ ሳይቀርብ መርፌውን አትውጉ፤ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉትን የስኳር ክኒኖችም እንዲሁ። ወረፋ ስትወጡ ስኳር ቋጥራችሁ ያዙ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ሲመጣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻላችሁ ድገሙ፤ ከዚያ ምግብ ብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥ፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ጠግቦ የማያድር ሰው ስኳር አይይዘውም የሚለውን አትመኑ። በገጠር ጎንደር ቀጭን፣ ድሃ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣት ገበሬዎችን ሐኪሞች ለዓመታት ሲያዩ ኖረዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር በ2025 እ.ኤ.አ. «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል።

ማቀዝቀዣ የሌላችሁ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጡ። መሃሉን በአሸዋ ሞልታችሁ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡት፤ የታጠበበት ውሃም ይሆናል። ኢንሱሊኑን በፌስታል ጠቅልላችሁ ውስጥ አኑሩና በእርጥብ ጨርቅ ክደኑት። የተከፈተ ብልቃጥ ከአራት ሳምንት በላይ አትጠቀሙ። ጾም ሲገባ ደግሞ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው። ከቲቢና ከኤችአይቪ መድኃኒት ጋር የሚበላ ያጣችሁም አትፈሩ፣ ለሚከታተላችሁ ባለሙያ ተናገሩ። መድኃኒቱን ሳይናገሩ ማቋረጥ የባሰ ነው።

በትንሽ ብር የሚገዛው ሲመረጥ ምስርና ጎመን ይቅደም፤ ሎሚ ጨመቅ ብታደርጉበት ሰውነት ብረቱን በደንብ ይወስዳል። ሻይና ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቅ። እንጀራን በድልህና በጨው ብቻ መብላት ግፊት ላለበት ሰው አይበጅም።

አሁን ወደ ጓያ ልምጣ፤ ያደግሁት ጓያ በሚበላበት ደንቢያ ስለሆነ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው። ዝናብ ሲቀር ሌላው ሰብል ይጠፋል፣ ጓያ ይተርፋል፤ ርካሽም ነው። ግን ሁለት ሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ ጎልማሳ ወንዶች ላይ ይበረታል። መርዙ የሚቀንሰው ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቀቅሎ ያንንም በመድፋት ነው። በድርቅ ጊዜ ደግሞ የሚጠፋው ያ ውሃ ነው። ስለዚህ ከሌላ እህል ጋር ደባልቁት፣ እህሉ ይብዛ ጓያው ይነስ። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ የበለጠ አደገኛ ናቸው፤ መብላቱ የግድ ከሆነ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በደንብ የገባበት ወጥ ይሻላል። ባት ሲገተር፣ እግር ሲከብድ፣ ጉልበት ሲብረከረክ የሥራ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የተጎዳ እግር አይመለስም። ጓያውን በዚያው ቀን አቁሙና ከአንድ ድስት የበሉትን ሁሉ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።