ዶሮዎቹ አዲሱን ቆጥ እምቢ ካሉ

አዲስ የዶሮ ቤት ተሠርቶም ዶሮዎቹ ሲመሽ ወደ ዛፉ ወይም ወደ ማድ ቤቱ ጣሪያ ይሄዳሉ? በቀን አታሯሯጧቸው፣ ትርፉ ድካም ነው። ድቅድቅ እስኪል ጠብቁ። ዶሮ በጨለማ በደንብ ስለማታይ ዝም ብላ ትያዛለች። አንድ በአንድ አንስታችሁ አዲሱ ቆጥ ላይ አስቀምጡና በሩን ዝጉ። የስልክ መብራት አታብዙ፣ ካዩ ይወርዳሉ። ጥሬና ውሃ እዚያው እየሰጣችሁ ለጥቂት ቀናት ካቆያችኋቸው ሲመሽ ራሳቸው ይገባሉ። ቆጡ ከእንቁላል መጣያው ከፍ ይበል፤ ዶሮ ሁሌም ከፍታ ትመርጣለች። የጎንደር ሌሊት ብርድ ነው፣ ሸለምጥማጡም አለ፤ ስለዚህ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ከላይ ግን አየር መግቢያ ተዉ። እንቁላል የታቀፈችውን ዶሮ ጫጩቶቿን እስክትፈለፍል አትንኳት።