የዝናብ ውኃን እንደ ጥንቱ የበረሃ ሰው ማጠራቀም

የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ዳገቱን እዩ። ጥንት ናባታውያን የተባሉ የዓረብ ሕዝቦች በኖሩበት በእስራኤል የኔጌቭ በረሃ፣ አቭዳት በተባለችው ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ አካባቢ፣ የዓመቱ ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛውን መሬቱ ይመጠዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ከዘነበው አንድ አስረኛው ብቻ ጉድጓዱ ይደርሳል ብላችሁ ያዙ። 30,000 ሊትር ለማግኘት 3,000 ካሬ ሜትር ዳገት ያስፈልጋችኋል። የተበተኑትን ድንጋዮች አንሱ፣ ጎርፉን የሚመራ ቦይ አውጡ።

ቦታው ከላይ ጠንካራ፣ ከሥር ለስላሳ ድንጋይ ያለበት ቢሆን ጥሩ ነው። ጠንካራው ጣሪያ ይሆናል፤ ለስላሳው በመዶሻና በመሮ ይፈለፈላል። ግሪካዊው ዲዮዶሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ ናባታውያን አፉን ጠባብ አድርገው ወደ ታች እያሰፉ ይቆፍሩ ነበር። ሲሞላ ደፍነው ከመሬት ጋር ያስተካክሉታል፤ ምልክቱን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ጠባብ አፍ ፀሐይ አያስገባም። ውኃው ብዙ አይተንም፣ አረንጓዴ አልጌም አያበቅልም።

ግድግዳውን አመድ በተቀላቀለበት ኖራ ለስኑ። በአንዴ አታወፍሩት፤ ደጋግማችሁ በስሱ ለስኑት፣ ቀስ ብሎም ይድረቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የምኖረው በኔጌቭ ከተማ በቤርሼባ ነው፤ ዘመድ ሲመጣብኝ አቭዳትንና ሌላዋን ጥንታዊ መንደር ሺቭታን አስጎበኛለሁ። ሰው ሁሉ ትልቁን ጉድጓድ ፎቶ ያነሳል። እኔ የምወደው ግን ከአፉ በፊት ያለችውን ትንሽ የደለል ጉድጓድ ነው። ጎርፉ መጀመሪያ እሷ ውስጥ ይገባል፣ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ጠለል ያለው ከላይ ሞልቶ ወደ ትልቁ ይፈስሳል። እሷን ካልሠራችሁ ትልቁ በጥቂት ክረምት በጭቃ ይሞላል። ከእያንዳንዱ ጎርፍ በኋላ ጥረጓት።

ትልቁንም በበጋው መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይጀምር አጽዱት። በሺቭታ መንደር መሃል ሁለት ትልልቅ የጋራ ገንዳዎች አሉ። በባይዛንታይን ዘመን ነዋሪው በየተራ ይሠራባቸው ነበር፤ ድርሻውን ለጨረሰ ሰው በሸክላ ስባሪ ላይ በግሪክኛ የተጻፈ ደረሰኝ ይሰጠው ነበር። ዛሬም የጋራ ጉድጓድ ያላችሁ ተራችሁን በጽሑፍ ያዙ። እባካችሁ ማንም ብቻውን አይውረድ፤ ገመድ ይታሰር፣ ከላይ ሰው ይቁም። ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት። የከብቱን ገንዳ ከአፉ ራቅ አድርጋችሁ በቁልቁለቱ በኩል ሥሩ፤ እበቱ ተመልሶ ወደ ውኃው እንዳይገባ።