ዲቴክተሩ ጸጥ ብሎ ሳንቲም ሲጠፋ፦ የዲስክሪሚኔሽን ችግርና መፍትሄ

በፒያሳና በአራት ኪሎ ባሉ አሮጌ ግቢዎች አፈሩ ከጣሪያ በረገፈ ምስማር፣ በቆርቆሮ ቁራጭና በቆርኪ የተሞላ በመሆኑ፣ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ (ዲቴክተር) ሳንቲም ሲፈልግ ጩኸቱ የሰለቸው ጀማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ዲስክሪሚኔሽኑን፣ ማለትም የማይፈለጉ ብረቶችን ድምፅ የሚያፍነውን ማስተካከያ፣ ከፍ ማድረግ ነው። ሳንቲሙን የሚያጣውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግር፦ መሣሪያው ጸጥ ብሏል፤ ሳንቲም ግን አይገኝም።

ምክንያት፦ ዲስክሪሚኔሽን የብረቱን ዓይነት በቀጥታ አያውቅም። የሚለየው በሚመለሰው ምልክት መዘግየት ሲሆን፣ ይህንንም የዕቃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅም፣ መጠኑና ውፍረቱ ይወስኑታል። ስለዚህ 1969 የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም 1 ሳንቲምና ከመዳብና ከኒኬል ቅልቅል የተሠሩት 25 እና 50 ሳንቲሞች ከሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀትና ከጣሳ መክፈቻ ቀለበት ጋር በአንድ ሰፈር ይውላሉ፤ ወረቀቱን ያፈነ ሰው ሳንቲሞቹንም አፍኗል። 1936 የተጻፈባቸው የመዳብ ሳንቲሞችና 1780 የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በመሣሪያው ማሳያ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር ስለሚነበቡ አይታፈኑም።

መፍትሄ፦ የትንንሽ ምስማር ድምፅ ብቻ እስኪጠፋ ድረስ ዲስክሪሚኔሽኑን ዝቅ ያድርጉ። ቁጥሩ ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ፣ አስቀድመው ከኪስዎ ያለውን እያንዳንዱን ሳንቲም በኮይሉ (በመሣሪያው ጫፍ ባለው ክብ ክፍል) ሥር አሳልፈው የሚያሳየውን ቁጥር በማስታወሻ ይያዙ። ይህን ሥራ ማንም እንዳይዘለው አጥብቄ እመክራለሁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ ስለማይቻል፣ በገዛ ግቢዎም ቢሆን ጥንታዊ ዕቃ ካጋጠመዎት ቁፋሮውን አቁመው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያሳውቁ።

ችግር፦ ጥሩ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሰማል።

ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ወይ ከሳንቲሙ አጠገብ ያለ ምስማር ድምፁን እየዋጠው ነው፤ ወይም ዕቃው ራሱ ዝገት የበላው ብረት ነው። ቆሞ ዘጠና ዲግሪ ዞሮ ኮይሉን በዝግታ ማመላለስ ያስፈልጋል። ሳንቲም ኮይሉ ከሁለቱም አቅጣጫ ሲያልፍበት አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል፤ የምስማር ድምፅ ግን ይቆራረጣል። ቆርኪ ከሁሉም ይልቅ ያታልላል፤ ሆኖም ኮይሉን ወደ ኋላ ስበው በጫፉ ብቻ ሲያልፉበት ድምፁ ብዙውን ጊዜ ወደ ምስማር ዓይነት ድምፅ ይወርዳል። ምስማር በበዛበት ቦታ ትንሽ ኮይል ከትልቁ የተሻለ ይለያል።

ችግር፦ ኮይሉ በአየር ላይ ሳይንቀሳቀስ መሣሪያው ይንጫጫል።

ይህ ከዲስክሪሚኔሽን ጋር አይገናኝም። በአቅራቢያ ያለ የኤሌክትሪክ መስመር የሚፈጥረው ሁከት ስለሆነ፣ ሴንሲቲቪቲውን (ምልክት የመቀበል ንቃቱን) መቀነስ ወይም መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ፍሪኩዌንሲውን (የሚሠራበትን የሞገድ ድግግሞሽ) መቀየር በቂ ነው።