የኢምፕላንት ዕቅድ ላይ ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስሉ ሲያሳስት፦ ችግርና መፍትሄ

ኢምፕላንት (በጎደለ ጥርስ ምትክ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) የሚገባበትን መንጋጋ በኮን ቢም ሲቲ (በባለ ሦስት አቅጣጫ የኤክስሬይ ማሽን) ካነሣን በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ይመስላል። ልኬቱ ከነክፍልፋዩ ተሰልቶ ይወጣል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ መሰርሰሪያ አላነሣም፦ ይህ ልኬት ከአጥንቱ የመጣ ነው ወይስ ከአነሣሡ?

በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ከሚያልፈው ነርቭ በላይ ያለው አጥንት ከጠበቃችሁት በላይ ረዝሞ ከታየ

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከአቆራረጡ ነው። ታካሚው ሲነሣ አገጩ ቀና ወይም ደፋ ብሎ ከነበረ፣ ሶፍትዌሩ መንጋጋውን የሚቆርጠው በሰያፍ ነው። ካሮት በሰያፍ ሲቆረጥ ገጹ ይረዝም የለ? 12 ሚሊሜትር ቁመት በ30 ዲግሪ ተጋድሞ ሲቆረጥ 14 ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው። ከነርቩ በላይ የምንተወው የደኅንነት ርቀት ደግሞ 2 ሚሊሜትር ነው፤ ስህተቱ የሚበላው ያንኑ ነው። መዘዙ የከንፈርና የአገጭ መደንዘዝ ሲሆን፣ ላይለቅም ይችላል።

ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ምስሉን አዙሩ። ኢምፕላንቱ የሚገባበትን የመንጋጋ ክፍል አግድም አስተካክሉ፤ የጥርስ ቅስቱን መስመር ሶፍትዌሩ ከሠራው ይልቅ በእጃችሁ ሥሩት፤ ነርቩንም በአገጭ ጎን ከሚወጣበት ቀዳዳ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ተከተሉት። የመሰርሰሪያው ጫፍ ከምልክቱ ትንሽ አልፎ ሊሄድ ስለሚችል የአምራቹን መመሪያ አይታችሁ ያንንም ደምሩበት።

የአጥንቱ ጠርዝ ድርብ መስመር ከሆነ

ታካሚው ተንቀሳቅሷል። ይህን በሶፍትዌር ማዳን አይቻልም፤ ጉዳዩ ነርቭ አጠገብ ከሆነ እንደገና መነሣት አለበት። ድጋሚው ጨረር በከንቱ እንዳይሆን ታካሚውን አስቀምጡ፣ ግንባሩን ደግፉ፣ ምራቁን አስቀድሞ ይዋጥ። ማሽኑን ያለ ጨረር አንድ ጊዜ አዙራችሁ አሳዩ። «እማማ፣ ዙሪያዎን ይዞራል እንጂ አይነካዎትም» ማለት አዛውንቶችን በጣም ያረጋጋል። የሚነሣውንም ቦታ በሚያስፈልገው ልክ አጥብቡት።

ከክራውን (ጥርስ ላይ ከሚደፋ ሽፋን) ወይም ከቆየ ኢምፕላንት ጎን ጥቁር ጥላ ካለ

የብረቱ ጥላ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምስል ብቻ «አጥንቱ ተበልቷል» ብላችሁ ታካሚ አታስደንግጡ፤ በትንሿ የአፍ ውስጥ ኤክስሬይና በድድ መለኪያ አረጋግጡ።

ጋይዱ (ጥርስ ላይ ተቀምጦ መሰርሰሪያውን የሚመራው ቅርጽ) ጥርሱ ላይ ከተወዛወዘ

የሲቲው ፋይልና የአፍ ውስጥ ስካኑ በትክክል አልተጋጠሙ ይሆናል፤ ብዙ ብረት ያለበት አፍ ላይ ይህ ያጋጥማል። ማጋጠሚያ ነጥቦቹን ሙሌትና ክራውን የሌለባቸው ጥርሶች ላይ አድርጉ፤ ከዚያ የጥርሱ ገጽታ በሁለቱም ፋይሎች መደራረቡን ቁራጭ በቁራጭ እዩ። ጥርስ ከጎደለ ምልክት ያለው ማስነሻ ፕሌት አስነክሳችሁ አንሡ። የተወዛወዘ ጋይድ ሞርዶ ማስገባት ግን አይገባም፤ ይሠራ እንደገና። በደንብ የተቀመጠ ጋይድ እንኳ ኢምፕላንቱ ጫፍ ላይ 1 ሚሊሜትር ያህል ይስታል። ስለዚህ ጋይድ አለኝ ብላችሁ ከነርቩ የምትተዉትን 2 ሚሊሜትር አትቀንሱ።