ቪትዝ በዝናብ ስትንሸራተት፦ ጥፋቱ የጎማው ዓይነት ነበር

ሐምሌ ላይ፣ የባሕር ዳር አስፋልት ውሃ ሲቋጥር፣ መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ትንሸራተት ነበር። የፍሬን ሸራ ተቀየረ፣ አላይመንት ተሠራ፤ ለውጥ የለም። የጎማው ጥርስ ገና 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም።

መልሱ የጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፦ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት። ጥርሱም በምላጭ የተተለተለ በሚመስል ቀጫጭን ስንጥቅ ተሞልቷል። ከጃፓን ከነመኪናው የመጣ የበረዶ ጎማ ነው። ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታች እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገ ስለሆነ በጣና ዳር ሙቀት ይልፈሰፈሳል፣ ቶሎ ያልቃል፣ እርጥብ አስፋልትም ቆንጥጦ አይዝም። (ምልክቱ «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S)፣ ማለትም «ጭቃና በረዶ»፣ ብቻ ከሆነ ግን አያስጨንቅም፤ ብዙ የሁሉም ወቅት ጎማ ላይ አለ።)

አራቱም 165/70 አር 14 በሚባለው መጠን በሁሉም ወቅት ጎማ ተተኩ፤ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ያለው፣ እርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ ደረጃውን የሚያሳይ «ትራክሽን ኤ» (Traction A) የሚል ጽሑፍ ያለበት። ሻጭ «አዲስ ነው» ቢልም ጎማው ጎን ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች ያንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ዓመታት መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎማ ለእኔ አዲስ አይደለም።

ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ አዲሶቹ ከኋላ ይታሰሩ፤ ጎሚስታው «ከፊት ይሻላል» ቢልም እሺ አይበሉ። ያለቀ ጎማ ከኋላ ሲሆን ውሃ ላይ ቂጧ ቀድሞ ይዞራል። ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ይጠበቁ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ይደገሙ። ንፋሱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሞላ። ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ለክረምት አይበቃም።