ክሎሪን የማይገድለውን ተውሳክ ከቤታችን እንዴት እናርቅ?

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ልጃቸውን አዝለው ቤቴ መጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቅማጡ አልቆረጠለትም። "ውሃውን እኮ ሳላክም አጠጥቼው አላውቅም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የክሎሪኑ ጠርሙስ ከጀሪካናቸው አጠገብ አይጠፋም። "ጥጃዋስ ደህና ናት?" ስላቸው ግን ዝም ብለው አዩኝ። ከተወለደች አሥር ቀኗ ነው፤ እሷንም ቢጫ ቢጫ ያስቀምጣታል።

የልጁ ሰገራ በልዩ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በአረንጓዴው መደብ ላይ ክብ ክብ ሮዝ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። ክሪፕቶስፖሪዲየም ነው። ላቦራቶሪ የምንሠራ ሰዎች "ክሪፕቶ" እያልን እናሳጥረዋለን። የአንዱ ስፋት ከ4 እስከ 6 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ብቻ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ቤት ውስጥ በምንጨምረው መጠን ክሎሪን አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው የታመመው ተጣርቶና ክሎሪን ገብቶበት በየቤቱ በደረሰ የቧንቧ ውሃ ነው። ከሌላው የተቅማጥ ተውሳክ ከጃርዲያ ጋር ግን የቆየ ትውውቅ አለን። ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1681 በገዛ ሰገራው ውስጥ አይቶታል። እሱም ቢሆን ከባክቴሪያ ይልቅ ክሎሪንን ይቋቋማል።

እንግዲህ ሥራው ከቧንቧው ይጀምራል። ጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የምናውቀው ነው። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲከርም በተሰነጠቀ ቦታ የውጭ ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ለልብስና ለመጸዳጃ ቤት ቅዱት፤ የመጠጡን ጀሪካን ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ሙሉ። ከምንጭ ወይም ከወንዝ የምትቀዱ ከሆነ አንድ ሌሊት አስቀምጡትና የጠራውን ከላይ በታጠበ ነጠላ አጥልሉ። ጨርቁ የሚይዘው ጭቃውን ነው። ተውሳኩ ከጸጉር ውፍረት ከአሥር እጅ በላይ ስለሚቀጥን በነጠላው ድርና ማግ መሃል ሾልኮ ያልፋል።

ቀጥሎ ማፍላት። ከሁሉ የማምነው ይህንኑ ነው። "ጎንደር ደጋ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ማፍላት አይረባም" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ግማሹ እውነት ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይደርስ፣ ወደ 93 ዲግሪ ግድም ነው። ግን ክሪፕቶ ከ70 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ባለ ሙቀት በአንድ ደቂቃ ይሞታል፤ ስለዚህ 93 ይበቃዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ይፍላ የሚባለው ለሌሎቹ ጀርሞችም ጭምር ለጥንቃቄ ነው። የብረት ድስት ጣዱ፤ ውሃው ከዳር እስከ ዳር ሲንተከተክ ሰዓት ያዙ። ከዚያ ከነክዳኑ እንዲበርድ ተዉት። ማቀዝቀዝ ብላችሁ ያልፈላ ውሃ ከጨመራችሁበት ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ከሰልና መብራት ካስቸገረ የሴራሚክ ማጣሪያ አለ። ስትገዙ 1 ማይክሮን ወይም ከዚያ የጠበበ መሆኑን አረጋግጡ። የወጣውን ውሃ ደግሞ ክሎሪን ጨምሩበት፤ ማጣሪያው ቫይረስ አይዝም።

ማስቀመጫውን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ቧንቧ ያለው ወይም አፉ የጠበበ ዕቃ ይሁን፤ ጣሳ አይነከርበት።

አሁን ወደ ጥጃዋ። ክሪፕቶ ጥጃን የሚይዘው በአብዛኛው ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ዕድሜዋ ነው። የታመመች ጥጃ በቀናት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ተውሳክ ትጥላለች። ለሰው ደግሞ አሥር ያህሉ እንኳ ሊበቃ ይችላል። እናም ጥጃ ስትወለድ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ጠግባ ትጥባ። ካስቀመጣት ከሌሎቹ ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስሯት፤ ሕፃናት አይዳብሷት። እበቱን እየጠረጋችሁ ፀሐይ ላይ ስጡት። ይህ ተውሳክ በእርጥብና በቀዝቃዛ ቦታ ወራት ይቆያል፤ ድርቀት ግን ይገድለዋል። ለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ሲያግዙን ክረምቱ ያሸንፈናል። የእበት ክምር ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ በላይ በኩል ከሆነ የመጀመሪያው ዶፍ ጠርጎ ያስገባዋል፤ ወደ ታች አውርዱት። እጃችሁን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ታጠቡ። ከኮሮና ወዲህ በየኪሳችን የያዝነው የአልኮል ጄል ለክሪፕቶ ዋጋ የለውም።

(ጥር 11 ቀን ከቀሃ ወንዝ በሚሞላው የፋሲል መዋኛ ለምትዘሉ ወጣቶችም አንዲት ምክር አለችኝ፤ ስትዘሉ አፋችሁን ግጠሙ።)

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ከታመመ ከሁሉ በፊት የጠፋበትን ውሃ መተካት ነው፤ ለምለሙን (የኦ.አር.ኤስ. ዱቄቱን) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡና ደጋግማችሁ አጠጡት። ዚንክም ከጤና ጣቢያ ይሰጣችኋል። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ተቅማጡ ሳምንት ካለፈ ቤት አታቆዩት። ኤች አይ ቪ ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰውማ ቀን አይቁጠር፤ ክሪፕቶ እሱን ለወራት ሊያሰቃየው ይችላል። ፋርማሲ ሮጦ ሜትሮኒዳዞል መግዛት የለመድነው መጥፎ ልማድ ነው። ለጃርዲያ ይሠራል፤ ክሪፕቶን ግን አይነካውም።

ምርመራ ስትሄዱ ሁለት ነገር ያዙ። በተለመደው የሰገራ ምርመራ ክሪፕቶ ብዙ ጊዜ አይታይም። የሚወጣው በልዩ ቀለም ስለሆነ "ክሪፕቶም ይታይልኝ" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ቤት ጥጃ መኖሩንም ጨምሩ። ጃርዲያ ደግሞ አንድ ቀን ወጥቶ ሌላ ቀን ይጠፋል፤ ስለዚህ "ምንም የለም" ከተባላችሁ በተለያየ ቀን እስከ ሦስት ጊዜ አሳዩ። ቀጭን ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ከአዘዞ በብልቃጥ ቋጥራችሁ ታክሲ ከምትጠብቁ፣ ልጁን ይዛችሁት ኑና እዚያው ላቦራቶሪው ደጅ ናሙናውን ስጡ።