ዓይንህ ቀልቶ ብርሃን ካስጠላህ

ገለባ ዓይንህ ገባ፣ አሸኸው፣ በማግስቱ ቀላ። ግን ብርሃን ማየት ካቃተህ፣ ሕመሙ ከጠና፣ እይታህ ከደበዘዘ ወይም ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካየህ፣ እንደ ሰዓት መስታወት ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያው፣ ተቆጥቶ ይሆናልና ዛሬውኑ ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ። ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ ካደረግክ አውልቀው፤ ግን አትጣለው፣ ከነማስቀመጫው ይዘኸው ሂድ፣ ሊመረመር ይችላል። ዓይንህን የቅጠል ጭማቂ አታስነካው። እኔ ከሁሉ የምፈራው ከጎረቤት የተረፈ ጠብታ ነው፤ ዴክሳሜታሶን የሚባለው ቁጣ አብራጅ ስቴሮይድ ካለበት ቅላቱን ያጠፋልህና ፈንገሱ ወይም ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ከስር እንደልቡ ይሠራል። ሐኪሙ መንስኤውን ለይቶ ነው የሚያዝልህ፦ ለባክቴሪያ አንቲባዮቲክ፣ ለፈንገስ ናታማይሲን፣ ለሄርፒስ አሲክሎቪር። መጀመሪያ ላይ ጠብታው በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ሊሆን ስለሚችል ስልክህ ላይ አላርም ሙላ።